አሥራ አንድ ቋጠሮ

ሥራዬ ክር መቁረጥ ነበር። «ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው» ሲባል ሰው የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ይመስለዋል፤ እኔም አላርምም። ሠላሳ ሴቶች ሰፍተው ቅርጫት ውስጥ የሚወረውሩትን ሸሚዝ እያነሣሁ፣ ከየስፌቱ ጫፍ እንደ ድመት ጢም የተንጠለጠለውን ክር መቁረጥ፣ በቃ። ስም አለኝ፣ የሚጠራኝ ግን የለም። ሁሉም «መቀስ» ይለኛል፤ ግማሹ በእጄ ምክንያት፣ ግማሹ በአፌ።

ሁለተኛም ሥራ ነበረኝ፤ እሱን አለቃችን አያውቅም። የክኒን ሚኒስትር ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉንፋን ወረርሽኝ የገባ ጊዜ የፋብሪካው ባለቤት ሽጉጥ የምትመስል ሙቀት መለኪያ ገዝቶ ለዘበኛው ሰጠው። ዘበኛው ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተኳሹ» ሆነ። ጠዋት ተሰልፈን ግንባራችን ላይ ይደግናል፣ ጢው ትላለች፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል። ከሠላሳ ሰባት ተኩል ያለፈች ወደ ቤቷ። ወረርሽኙ ሄደ፣ ሽጉጧ ቀረች። ወደ ቤት መሄዱ ባልከፋ፤ ስትመለሺ ግን መኪናሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ታገኛለሽ። አንዷ ልጇ ባስያዛት ጉንፋን ሦስት ቀን ቀርታ ስትመለስ ከኦቨርሎክ መኪና ወደ መጥረጊያ ወርዳ ጠበቀቻት፤ እንጀራዋ ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ጥርሴ አብጦ፣ ሰውነቴ እንደ ምድጃ እየነደደ፣ ማስታገሻ ውጬ መጣሁ። ዛሬስ አበቃልኝ ብዬ ግንባሬን ብሰጥ ቁጥሬ ከሰልፉ ሁሉ ያነሰ ሆነ። እዚያው ቆሜ ጭንቅላቴ በራ። ለአክስቴ ነገርኳት፣ አክስቴ ከጎኗ ለምትሰፋው፣ በሳምንቱ ሠላሳውም አወቀ። ከመግቢያው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን ከጎማ ጥገናው ግድግዳ ጀርባ እንገናኛለን። ያተኮሳትም፣ ወገቧን ያመማትም፣ ወር አበባዋ የመጣባትም ከኔ ቆርቆሮ ትወስዳለች። አይቡፕሮፌን ነው፤ ቀይ፣ ልስልስ ያለ፣ ከረሜላ የሚመስል። ፋርማሲው ያለ ምንም ወረቀት ይሰጣል። ሴቶቹ በየተራ ያመጣሉ፣ እኔ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ዝም ብዬም አላድልም፤ ሥርዓት አለኝ። ትምህርቴን የተውኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ደብተር ይዤ ብዞር ደግሞ መያዜ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሴት የራሷ ቀለም ክር አላት፤ አንድ ክኒን ስትውጥ አንድ ቋጠሮ እቋጥርላታለሁ። በቀን ከሦስት በላይ ለጠየቀችኝ «ቋጠሮሽ ሞልቷል፣ ዞር በይ» እላለሁ። አዝራር የምትተክለዋ አሮጊት፣ እማማ አዝራር የምንላት፣ ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ በሥርዓት ታክሜ አላውቅም ትለኝ ነበር። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ በጣም ነው የኮራሁት።

አለቃችን ሜትሮ ነው። ሜትር አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ብቻ አይደለም፤ ያየውን ሁሉ ስለሚለካ ነው፣ ሽንት ቤት የቆየንበትን ጭምር። እኛ ከገባን በኋላ በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር ይቆልፍና ቁልፉን ከሜትሩ ጋር አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ለጨርቁ ደኅንነት ነው ይላል። ስለ እኛ ደኅንነት የጠየቀው ስለሌለ መልሱን አላውቅም።

አክስቴ የመስኮት ዳሯን መኪና ያገኘችው ሥራ በገባች በዘጠነኛ ዓመቷ ነው። የእናቴ ታናሽ ናት፤ እናቴ ካለፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚያ መስኮት ዳር ብርሃን አለ፣ ትንሽ ነፋስ አለ፣ ከፍርግርጉ ውጭ አንድ ዛፍ አለ። ሜትሮ የያዝነው የተማሪ ደንብ ልብስ ትዕዛዝ በሰዓቱ ካለቀ ቋሚ ሠራተኛ አደርግሻለሁ ብሏታል። ቋሚ ማለት ብታመሚም መኪናሽን የሚነካብሽ የለም ማለት ነው። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት የጭነት መኪናው ይመጣል። አክስቴ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ፣ ሦስት ቀን ብቻ፣ እያለች በጣቷ ታሳየኝ ነበር።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ጣቃ የተጫነበት ጋሪ ጎማው ተንሻፍፎ የጋሪው ብረት ጥግ ቀኝ ጭኗን መታት። ውይ ብላ ተቀመጠች። ከጣቃዎቹ ጀርባ ወስጄ ቀሚሷን ገልጬ አየሁት፤ የጠርሙስ ክዳን የሚያህል በለዝ፣ መሀሉ ላይ ድመት የጫረችው የሚመስል ጭረት። ቋሚ ልሆን መሆኑን ሰምቶ ጋሪው ቀንቶብኝ ነው ብላ ሳቀች። ሁለት ክኒን ሰጠኋት፣ ማታ አንድ ደገመች። የአክስቴ ክር ሰማያዊ ነው። ሦስት ቋጠሮ።

ማክሰኞ ጠዋት ሳቋ የለም። አክስቴ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ልንገራችሁ። አንዴ የመኪናው መርፌ ጥፍሯን በስቶ ሲወጣ፣ መርፌውን በጥርሷ ነቅላ መጀመሪያ ያየችው ሸሚዙ ደም እንዳልነካው ነው። ያቺ ሴት ቀሚሷ ጭኗን ሲነካት ታለቅሳለች። ገልጬ አየሁ፤ በለዙ ትንሽ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ትንሽ ነፋ ብሏል፣ በቃ። ለዚህች ጭረት ይህ ሁሉ ለቅሶ ከሆነ ጣት ቢቆረጥ ምን ልትሆኚ ነው ብዬ ቀለድኩባት። ያን ቀልድ ዛሬ መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል።

ከግድግዳው ጀርባ ሁለት ክኒን ሰጠኋት። ተኳሹ ተኮሳት፤ ሠላሳ ስድስት ከስምንት። ገባች። ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ።

እስከ ምሳ ፔዳሉን በግራ እግሯ ረገጠች። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ክኒን ጨመርኩላት፣ አልሆነም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሜትሮን ጤና ጣቢያ ልሂድ አለችው። ሜትሮ በዓይኑ ለካት። እሺ አለ፤ ግን እኔም አብሬ እሄዳለሁ አለ። እኔን ለድጋፍ አስከተሉኝ። በመንገድ ላይ ሜትሮ ቃሉን አስጠናት፤ ሥራ ላይ ተመታሁ ካልሽ የአደጋ ወረቀት ይመጣል፣ ወረቀት ሲመጣ ባለቤቱ ይመጣል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ቋሚነትሽ ይሄዳል። ስለዚህ ቤትሽ ደረጃ ላይ ወድቀሽ ነው። አክስቴ እያነከሰች እሺ አለች።

ጤና ጣቢያው ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ነርሷ፣ እኛ ሁለታችን። ሜትሮ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ማንም ቢወጣ በሱ ብብት ሥር ነው የሚያልፈው። ነርሷ ወጣት ናት፣ ዓይኗ የደከመ፤ ግን እጇ ብልህ ነው። አክስቴ ያጠናችውን ደረጃ ተናገረች። ነርሷ ሙቀቷን ለካች፣ ደኅና ነው። ጭኗን ጫን ስታደርግ አክስቴ ጮኸች፣ ነርሷም እጇን አንሥታ ቁስሉንና ፊቷን እያፈራረቀች አየች። ሁለቱ አልመጣጠን ብለዋት ነበር፤ እኔ እንኳ ገብቶኛል።

«ሌላ የወሰድሽው መድኃኒት አለ?» አለች።

አክስቴ እኔን አየችኝ። ቆርቆሮው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ብንቀሳቀስ ይንሿሿል። በእጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

«የለም» አለች አክስቴ።

ነርሷ ወደኔ ዞረች። «አለ እንዴ?»

ሜትሮ በሩ ላይ የሜትሩን ጫፍ በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል። አለ ብል ሽጉጧ መታለሏን ያውቃል፤ ሠላሳ ሴት በአንድ ቀን ከበሩ ውጭ ናት። የለም ብል ደግሞ... የለም ብል ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ ክኒኑ ሕመም የሚያስታግስ እንጂ ነገር የሚደብቅ አይመስለኝም ነበር። ግንባር ላይ ያለውን ቁጥር ይደብቃል፣ እሱን አውቃለሁ፤ ከቁጥሩ በታች ያለውን ማን አሰበው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

ስንት ነገር የምለፈልፈው ልጅ፣ መናገር በነበረብኝ ሰዓት ያወጣሁት ይህን ነው።

ነርሷ የማስታገሻ መርፌ ወጋቻት፤ ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ከጨመረ ቶሎ ተመለሺ አለቻት። ትኩሳቱ እንዳይመጣ የምጠብቀው ዘበኛ እኔ መሆኔን ከየት ታውቃለች። ሜትሮ ሰዓቱን አየ። አርባ ሦስት ደቂቃ ወሰደባችሁ አለ።

ከሰዓት በኋላ አንድ፣ ማታ አንድ ሰጠኋት። ቋጠሮሽ ሞልቷል የሚባለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ፣ የጣስኩትም እኔ። እንዴት ልከልክላት፤ አክስቴ ናት። ስምንት ቋጠሮ።

ረቡዕ ጠዋት ስነቃ አክስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠጉሯን ታበጥራለች። ጠፋልኝ አለችኝ። ምኑ? ሕመሙ ነዋ። ምንም አልቀረም፣ አልሰማውም እኮ አለች። ዘልዬ አቀፍኳት። መርፌው ነው ብዬ ነርሷን መረቅኳት፣ ክኒኔንም መረቅኩት። ለማንኛውም ለሽጉጧ ብዬ ሁለት አስዋጥኳት። ስንሄድ እግሯን እንደ እንጨት ትጎትተዋለች፤ እጇን ብይዛት ቀዝቃዛ ነው፣ ላብ አለው። ትንፋሿ ዳገት የወጣች ይመስላል፣ መንገዳችን ግን ሜዳ ነው። ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ስለሆነች ጓጉታ ነው አልኩ። ሰው ደስ ሲለው ዓይኑ ይታወራል።

ተኳሹ፤ ሠላሳ ስድስት ከአራት። ቀዝቅዘሻል ብሎ ቀለደባት። ጠቅ፣ ጓጉንቸሩ።

ያን ቀን ፋብሪካው ውስጥ አየር የሚባል ነገር አልነበረም። ሠላሳ መኪና በአንድ ጊዜ ሲሮጥ ግድግዳው ይርገበገባል፣ ሰው ሲናገር የሚታየው አፉ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ላይ አንድ ክኒን ጠየቀችኝ፤ ወገቤን ነው አለች። ሰጠኋት። አሥራ አንድ። ከዚያ የሷ ቅርጫት ውስጥ ካለው ሸሚዝ አንዱን አንሥቼ ክሩን ልቆርጥ ብል፣ ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው። ሌላውን አነሣሁ፣ ይኼም። አክስቴ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጅጌ ተሳስታ አታውቅም። ሸሚዙን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ልቀልድባት።

ስፌት የማያውቅ ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል፤ አክስቴ እየሰፋች የምትነቅላቸውን ስፒሎች ሽርጧ ላይ፣ ቀኝ ጭኗ ጋ ትሰካቸዋለች። ሽርጡ ወፍራም ነው። አንዳንዴ ስትቸኩል ስፒሉ ሽርጡንም ቀሚሱንም አልፎ ይወጋታል፤ ያኔ ዘላ ትነሣና ጋሪውንም ጨርቁንም ስፒሉንም አንድ ላይ ትሰድባለች፣ እኛም ሥራ ፈትተን እንስቃለን። በሳምንት አንዴ የማይቀር ነገር ነው።

ስደርስ አንድ ስፒል ነቅላ፣ ሳታይ፣ ጭኗ ላይ ሰካችው። እስከ ራሱ ገባ። ረጅሙ ስፒል ነው፣ የኮት። ዝም። ቀጣዩንም እንዲሁ። ዝም፤ ጨርቁን እየገፋች ነው። ከጎናቸው ስድስት ሰባት ተሰክተዋል፣ ሁሉም እስከ ራሳቸው።

ተንበርክኬ ሽርጡን አነሣሁ። አልነሣም አለ። ከጭኗ ጋር ተሰፍቷል።

«አክስቴ፣ አያምሽም?»

«ምኑ?» አለችኝ፤ ስታየኝ ደግሞ እንደ ሩቅ ሰው ነው ያየችኝ።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። እየነቀልኩ ፊቷን አያለሁ፤ ምንም። ቀሚሷን ገለጥኩ። በለዙ የጠርሙስ ክዳን ማከሉን ትቷል። ከጉልበቷ በላይ ጀምሮ ወደ ላይ አመድ የተቀላቀለበት ሐምራዊ ሆኗል፣ ቆዳው እንደ ላስቲክ ያብለጨልጫል፣ ሁለት ቦታ ላይ ጥቁር ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ። በጣቴ ነካሁት። ደረቅ ቅጠል ስትጨብጪ የሚሰማሽ ዓይነት ነገር ከቆዳዋ ሥር ተሰማኝ።

ሕክምና አላውቅም። ግን ጨርቅ ነው ስፒል ሲወጋው ዝም የሚለው። ሰው ጨርቅ ከሆነ አንድ ነገር አለ።

ወደ ሜትሮ ሮጥኩ፣ በሩን ክፈትልን አልኩት። የጭነት መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፣ ያኔ በሩ ይከፈታል አለ። አሁን አምስት ሰዓት ነው። እግሯ ሞቷል አልኩት። የትላንቱን አስታወሰኝ፤ ነርስ አይታታለች፣ ደኅና ናት ተብላለች። መጥተህ እይ አልኩት፤ የሴት ጭን አላይም አለ፣ ጨዋ ሆነብኝ። ከዚያ ብልሃት የመጣለት መሰለው፤ ተኳሹን በመስኮቱ ጠርቶ ሽጉጧን በፍርግርጉ መሀል ተቀበለውና አክስቴ ግንባር ላይ ደገነ። ጢው።

«ሠላሳ ስድስት ከሦስት» አለ፣ ቁጥሩን እኔ አፍንጫ ሥር አምጥቶ። «ካንቺ ትሻላለች። ወደ ሥራሽ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የሱ ወረቀት ያቺ ቁጥር ናት፤ ያቺን ቁጥር የሠራሁለት ደግሞ እኔ። ሠርቼ፣ አሳምሬ፣ በራሴ ላይ ቆለፍኩት። ከፊቴ ሜትሮ፣ ከኋላዬ ሠላሳ ሴት፣ መስኮቱ ፍርግርግ። አክስቴ ከርቀት በጭንቅላቷ እምቢ እያለችኝ ነው። አትናገሪ ነው የምትለኝ። ክኒኑን ሳይሆን መኪናዋን ነው የምታስበው፤ ዛፏን።

ቆርቆሮውን አውጥቼ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት።

ክኒኖቹ ነጭ ጨርቅ ላይ ተንከባለሉ፣ ቀይ ቀይ። ክሮቹም ወጡ፣ በየቀለማቸው። ሰማያዊውን አንሥቼ ሜትሮ ፊት ዘረጋሁት።

«ይሄ አሥራ አንድ ክኒን ነው፣ ከሰኞ ወዲህ» አልኩት። «ሽጉጥህ የምታየው ክኒኑን ነው እንጂ እሷን አይደለም። ትላንት ነርሷም ያየችው ክኒኑን ነው። ሁላችንም እንውጣለን፣ በየቀኑ፣ አንተ እንዳትመልሰን።»

አጠገባችን ያሉት መኪኖች ቆሙ። አንዷ አንጀትሽ ይቆረጥ አለችኝ፣ በደንብ ነው የሰማሁት። ሜትሮ ክሮቹን አየ፣ ሴቶቹን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚለካ ግራ ገባው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ እንነጋገራለን፣ አሁን ሁሉም ወደ ሥራው አለ፤ ድምፁ ግን ቀጥ አላለም።

እማማ አዝራር ተነሣች። እሷ ስትነሣ ጊዜ ይወስዳል፤ ጉልበቷ በሁለት ጊዜ ነው የሚዘረጋላት። የአዝራሩን ከረጢት አቅፋ መጣችና ከክሮቹ መሀል ቡናማውን መረጠች። ይኼ የኔ ነው አለች። ከዚያ እጇን ለሜትሮ ዘረጋች።

«ልጄ፣ ቁልፉን።»

ሜትሮ የጭነት መኪናውን አነሣ፣ ባለቤቱን አነሣ። እማማ አዝራር ከረጢቱን አስተካክላ አቀፈችው፤ አዝራር የሌለው ሸሚዝ ለማን እንደምትጭን እናያለን አለች። ከወዲያ ጥግ አንድ መኪና ዝም አለ። ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም አልቆሙም፤ እውነቱን ልናገር፣ አምስት ስድስቱ እስከ መጨረሻው ሲሰፉ ነበር፣ አልፈርድባቸውም። ግን ዝምታው ሰፋ፣ ሰፋና የአክስቴ ትንፋሽ ተሰማ፤ እንደ ተበሳ ጎማ ነው ፈጥኖ ፈጥኖ የሚወጣው። ሜትሮም ሰማው። ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወልቅ ከሜትሩ ጋር ተጠላልፎበት በሁለት እጁ ታገለ። እኔ በመቀሴ ሜትሩን ቆርጬ ቁልፉን ወሰድኩ።

ወደ ሆስፒታል በያዝነው ባጃጅ ውስጥ አክስቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ስንት ሰዓት ነው አለችኝ፣ ደግማ ጠየቀች፣ ሦስተኛ ጠየቀች።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር አጭር ሴት ናት፣ ሥራዋ ግን ፈጣን። ማንም ሳይጠይቀኝ ሰማያዊውን ክር ሰጠኋት። ቋጠሮዎቹ ምንድን ናቸው አለች፤ ስነግራት በጣቷ እየነካች አንድ ሁለት ብላ ቆጠረች። ጋሪውንም ነገርኳት፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለም አልኳት። የትላንቱንም መርፌ። እሱም የክኒኑ ዘመድ ነው አለች። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም።

ጭኗን አንዴ ነካ አድርጋ የቀዶ ጥገናውን ክፍል አስጠራች። እስኪመጡ ባለው ጊዜ በአጭሩ ነገረችኝ። ባክቴሪያ ነው፤ በዚያች ጭረት ገብቶ ከቆዳ ሥር ሥጋውን እየበላ ይሮጣል፤ ላዩ ደኅና ሲመስል ሥሩ አልቋል። ትኩሳት፣ መቅላት፣ ማበጥ፣ ሰውነት ድረሱልኝ ብሎ የሚጮህበት ነው።

«ክኒኑ በሽታውን አመጣው አላልኩሽም» አለችኝ። «አፉን ግን ይዞታል።»

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሕመሙ ለምን ጠፋ አልኳት። የሚያማት ነርቭ ስለሞተ ነው አለችና አልጋውን እየገፉ ሄዱ። እኔ ጠዋት ያቀፍኳትን አሰብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ፊት ለፊቱ በር፣ በሩ ላይ መግባት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ። እዚያ በር ፊት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ አስገቧት። በየጊዜው ሲያወጧት ከጭኗ ላይ የሆነ ነገር ቀንሰው ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ዶክተሯ በሽታው ቆሟል አለችኝ፤ እግሯ ይተርፋል፣ እንደ ድሮው ግን አትጠብቂ። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ኖሮ ብላ ጀምራ፣ ፊቴን አይታ ተወችው።

እማማ አዝራር መጥታ ወሬ አመጣችልኝ። ትዕዛዙ በግማሽ ሄደ። እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ከኔ ጋር ሌሎች አራት፤ እሷን ሜትሮ የተዋት የአዝራር ሥራ የሚችል ስላላገኘ ነው። የመስኮት ዳሩ መኪና ላይ ያቺ ከኦቨርሎክ ወደ መጥረጊያ የወረደችው ሴት ተቀምጣለች። ተኳሹ ደግሞ ከመተኮሱ በፊት አፍ ያስከፍታል፣ ምላስ ያሳያል፤ ክኒኑን ሴቶቹ በደጃፉ የሚውጡት ይመስል። ሁሉም ሴቶች ሰላም ይሉሻል አለችኝ። ሁሉም? አልኳት። ግማሾቹ አለች።

አክስቴ ነቅታ ስድስት ቀን አላናገረችኝም። ውሃ ስሰጣት ትጠጣለች፣ ትራሷን ሳስተካክል ጭንቅላቷን ታነሣለች፤ ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነው። የሆስፒታሉም መስኮት ፍርግርግ አለው። ከውጭ ዛፍ እንኳ የለም፣ ግድግዳ ነው። ከዚያ ክፍል ወጥቼ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም፣ ከዝምታዋም። መውጫ ቢኖር እንኳ አልሄድም ነበር።

በሰባተኛው ቀን የቁስሏን ፋሻ ሲቀይሩ ጮኸች። እንደ ድሮዋ፣ ስፒል እንደ ወጋት፣ ከነስድቡ። ነርሱን፣ ፋሻውን፣ ጋሪውን ሁሉንም በየስማቸው አዳረሰች። ዶክተሯ ከበሩ ሆና ሰማችና ጎሽ ብላ ሄደች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ወይም ሳቅኩ፣ አላውቅም።

ፋሻ የቀየሩላት ሲወጡ አክስቴ ወደኔ ዞረች። አልጋው እግርጌ የተሰቀለው ካርዷ ላይ ዶክተሯ ሰማያዊውን ክር በፕላስተር ለጥፋው ነበር፤ አይታዋለች።

«ያ ክር የደንብ ልብሱ ክር አይደል?» አለችኝ። «የኮሌታው።»

ነው አልኳት።

«ሜትሮ ስትወስጂው ቢያይሽ ኖሮ በሜትሩ እየለካ ያስከፍልሽ ነበር።»

«ሜትሩን ቆርጬበታለሁ» አልኳት።

ይህን አልሰማችም ነበር። ደረቷ ተንቀጠቀጠ፤ ስትስቅ ጭኗን ያማታል፣ ስላመማት ትሳደባለች፣ ስትሳደብ ትስቃለች። ከዚያ ስለ መኪናዋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማን እንደተቀመጠችበትም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነርሱ ማስታገሻዋን በትንሽ ኩባያ አመጣላት። የሚፈቀድልሽ እንዲህ ዓይነቱ ብቻ ነው፣ ያ ቀዩ አይደለም አላት። አክስቴ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ ነጭ ነው። አልዋጠችውም። በሌላ እጇ የአንሶላውን ጠርዝ ፈልጋ፣ የተፈታች አንድ ክር አግኝታ ሳበች፣ በጥርሷ በጠሰችና ሰጠችኝ።

«ቋጥሪ» አለችኝ። «ሲጠይቁሽ ግን ተናገሪ፤ እኔ ዓይኔን ባፈጥብሽም።»

ክሩ ቀጭን ነው። ሁለቴ አመለጠኝ። በሦስተኛው ያዘ።